ከመስመሩ ግራ ያለችው ምልክት

አራዳ ነው ቢሮው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ በካርቶን ተደፍኖ ሰማይ በስንጥቅ የሚታይ።
ስድስት ወር ነው ውሌ፤ ሥራዬ ማስገባት፣
አይጥ የቀመሰውን የውኃ መዝገብ ከሰንጠረዥ ቤት።
ደንበኛው ለብቻ፣ ንባቡ ለብቻ፣ ማስታወሻው ለብቻ፣
አሰርኳቸው በቁጥር፣ በአንዲት ቁልፍ ብቻ፣
አንዱ ሲጠራ ሌላው «አቤት» እንዲል ከጓዳ።

ከያንዳንዱ ስም ግራ አንዲት ምልክት አለች፣
የመደመር፤ ዐይን ሲደክም ግን መስቀል የምትመስል፣ ከሰው ራስጌ የቆመች።
ሲነኳት ስሙ እንደ ባቄላ እሸት ይፈለቀቃል፣
ወሩ ከነኪዩቡ፣ ከነዕዳው፣ ከሥሩ በረድፍ ይወርዳል።
እሷም ወዲያው መቀነስ ትሆናለች።
ሰው ሲከፍቱት ይጎድላል ማለቷ ይሆን?
እንጃ። የሠሯት ሰዎች ይህን ያህል አላሰቡም መቼም።

የአውቶፓርኮውን ጋራዥ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።
የአዲስ ዓለሙን ዳቦ ቤት፣ በረመዳን ሽቅብ የሚለውን፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።
ሺህ ሁለት መቶ አርባ፦ ወይዘሮ አንጓች ደርሶ፣ ሳሙናበር።

ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዘጠኝ፤ ቤቱ ልጆች ነበሩት።
ስድስት። አራት። አንድ ባንድ ጥለውት ወጡት።
ከዚያ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤ ዓመት አልፎ ዓመት፣
ለአንዲት ሴት ማሰሮ፣ ለማታ እግር መታጠቢያ የምትበቃዋ ጥቂት።
ከዚያ መጋቢት ላይ፣ ሳይታሰብ፦
አርባ አንድ።

«ፍሳሽ ነው» አሉ አቶ ጥዑማይ ከትከሻዬ በላይ፣
«ወይም ይሸጣሉ። ሦስት ወር አልከፈሉም፤ ዕዳውን እይ እንግዲህ፣ እይ!
ለሐሙስ ዝርዝር አውጪ፣ መስመራቸው ይቆረጥ።»

መስመር። ቋንቋችን ቃል ሲቆጥብ!
ከመሬት በታች የሚሄደው ቧንቧም፣ ይህ የማነበው ረድፍም፣ ያው መስመር።
እኔ ዘንድ መቁረጥ የጣት ሥራ ነው፤
እሳቸው ዘንድ ደግሞ ደረቅ ባልዲ።

ከአርባ አንዱ ጎን ሌላ ምልክት፣ የልጅ ልጅ እንደ ማለት፣
ነካኋት፤ የቆጣሪ አንባቢው እንዳላማው ቃል ተዘረገፈበት፦
«በር ተዘግቷል።» «ውሻ ፈተዋል።» «መስተዋቱ ላብ ይዞ አይነበብም።»
የመጋቢቱ እንዲህ ይላል፦
«እናትየው ደህና ናቸው። ጎማ ቱቦ ባጥር ላይ። አልጠየቅሁም።»

ከላይ ያለውን ረድፍ ነካሁ፤ ዐሥራ ሦስት ይጠጣ የነበረ፣ ዜሮ።
ከታች ያለውን፤ ዐሥራ አምስት የነበረ፣ ዜሮ።
ማዶውን፤ ዐሥራ ሁለት፣ ዜሮ።
መንገድ የሚሠራው ዶዘር በየካቲት ቧንቧቸውን ገምሶ
ሄዷል፤ አንዱ መስመር ተርፎ፣ የአንጓች ደርሶ።
በካርቶኑ ጥግ ላይ በእርሳስ ደመርኩት፦
ሦስቱ ቤት አርባ፣ ከእሳቸው አንድ ጋር አርባ አንድ።
እንኳን ፍሳሽ፣ ጠብታ አልባከነም።

ማሽኑ ግን ይህን አላየም። አልፈርድበትም፤
ደንበኛን ከንባቡ አሰርኩ እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት አላሰርኩለትም።
አጥር ለሚዘል ቱቦ ዓምድ ያላበጀሁ እኔው ነኝ።

ከሺህ ሁለት መቶ አርባ ሥር ወረድኩ፣ ኮከብ ካለበት ባዶ ረድፍ፣
እዚያ ነው ቦታው አዲስ ነገር ለሚጽፍ።
«የሦስቱ ቤት ቧንቧ ይጠገን። ዕዳው ለአራት ይካፈል።
አቤት ባይ፦ ትሁን አዛናው፣ መዝገብ ክፍል።»
ሥራ የማጣት ፍርሃት እጄን ሲበላው፣ ነጥቡን ሳሳርፍ፣

መብራት ጠፋ።

በጨለማው ስክሪን ላይ የገዛ ፊቴ።
አቶ ጥዑማይ ኮሪደር ላይ ጄኔሬተር ይጣራሉ።
ይህ ሶፍትዌር ጠቋሚው ረድፉን ሲለቅ ነው የሚመዘግበው፤
ለቆ ነበር? ታች የሚለውን ቁልፍ
ነክቼው ነበር፣ ይመስለኛል፣
በትንሿ ጣቴ።